ጆን ብሪተን፦ ያለ ፋብሪካ የተሠራ የካርቦን ፋይበር ሞተር ሳይክልና የሠሪው ሕይወት

መግቢያ

በብዛት የሚመረት ሞተር ሳይክል የነዳጅ ታንኩ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ላሜራ ይሠራል። ላሜራው በከባድ መጫኛ ማሽን ተጨምቆ ቅርጹን ይይዛል፤ ግማሾቹም በብየዳ ይገጣጠማሉ። ማሽኑና የቅርጽ ማውጫው እጅግ ውድ በመሆናቸው ወጪው የሚመለሰው ብዙ ሺህ ታንኮች ሲመረቱ ነው። አንድ ወይም አሥር ብቻ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ መንገድ ዝግ ነው። በሙጫ የተነከረ የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ግን በእጅ እየተነባበረ ማናቸውንም ቅርጽ ሊይዝ ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዕድል እስከ ጫፉ የተጠቀመበትን የኒውዚላንዱን መሐንዲስ የጆን ብሪተንን ሕይወት በመዳሰስ፣ ቁሱ ለአነስተኛ ወርክሾፕ ምን እንደሚሰጥና በምላሹ ምን እንደሚጠይቅ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ጆን ብሪተን በነሐሴ 1 ቀን 1950 በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት በክራይስትቸርች ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዲስሌክሲያ የተባለው የንባብ ችግር ስለነበረበት የጽሑፍ ትምህርት ከብዶት አደገ። ነገሮችን በዓይነ ሕሊናው የመቅረጽና በእጁ የመሥራት ችሎታው ግን ገና በለጋ ዕድሜው ታይቷል። በጉርምስናው መባቻ ተጥሎ የተገኘ አሮጌ ኢንዲያን ሞተር ሳይክል ጠግኖ ማስነሣቱ ከሕይወት ታሪኩ ጋር አብሮ ይነገራል። የምህንድስና ትምህርቱን የተከታተለው ቀን እየሠራ በማታው ክፍለ ጊዜ ነበር። ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በአውራ ጎዳና ንድፍ ሥራ ላይ ቆየ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በንድፍ መሐንዲስነት ተቀጥሮ ሠራ፤ ቀጥሎም በእጅ የሚሠሩ የመስታወት መብራቶችን ሲያዘጋጅ ቆይቶ በቤተሰቡ የሕንፃ ሥራና አስተዳደር ድርጅት ውስጥ ገባ። አሮጌ የፈረስ ጋጣዎችን በገዛ እጁ ወደ መኖሪያ ቤትነት ለውጧል። እነዚህ ሥራዎች ከሞተር ሳይክል የራቁ ቢመስሉም አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ በሁሉም ውስጥ ብሪተን ንድፍ አውጪም ሠሪም ነበር። ኋላ የሠራው ማሽን መለያም ይኸው ሆነ።

ከሽፋን ወደ ሙሉ ማሽን

ብሪተን ወደ እሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ሥራ የገባው በአካል ሽፋን በኩል ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዱካቲ ሞተር ላይ ነፋስን በቀላሉ የሚሰነጥቅ ሽፋን ሠራ። በሚቀጥለው ማሽኑ ደግሞ በአገሩ የተሠራውን የዴንኮ ሞተር ተጠቅሞ፣ ከካርቦንና ከኬቭላር የተነባበረው አካል ራሱ የሻንሲውን ሸክም እንዲሸከም አደረገ። ሞተሩ ግን ደጋግሞ እየተበላሸ አስቸገረ። ብሪተንም ሞተሩን ጭምር ራሱ ለመሥራት ወሰነ።

ከዚህ ውሳኔ የተገኘው ቪ1000 የተባለው ማሽን ነው። ሁለት ሲሊንደሮቹ በ60 ዲግሪ የተከፈቱ ሲሆን መጠኑ 999 ሲሲ፣ ጉልበቱ ወደ 166 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም 138 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። የተለመደው ሻንሲ የለውም፤ የፊቱም የኋላውም ክፍል በሞተሩ ላይ ይታሰራል። ራዲያተሩ ከመቀመጫው ሥር ተቀምጦ አየር በቦይ ይደርሰዋል። የኋላው አሞርዛተር ከሞተሩ ፊት ለፊት ገብቷል። የፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ፣ የኋላው ክንድ፣ ቸርኬዎቹና ሽፋኑ ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ናቸው።

ብሪተን የአካሉን ቅርጽ ያወጣው ቀጭን ሽቦ እያጣመመና በሙቅ ሙጫ እያያያዘ ነበር። የሽቦው አጽም መስመሮቹን ከሁሉም አቅጣጫ እያየ በየጊዜው እንዲያርማቸው አስችሎታል። አንዳንድ የሞተር ክፍሎችንም ለሸክላ ሥራ በሚያገለግል ምድጃ አግሎ እንዳጠነከረ ይታወቃል።

ቁሱ የሚሰጠውና የሚጠይቀው

የብሪተንን ምርጫ ለመረዳት የሙያውን ጠቅላላ አካሄድ ማየት ያሻል። ለዚህም የነዳጅ ታንክ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከሽፋን ሁሉ ይልቅ ስሕተትን የማይታገሥ እርሱ ነውና። በመጀመሪያ የታንኩ ሙሉ ቅርጽ ከእንጨት ወይም ከአረፋ ተቀርጾ እስኪያንጸባርቅ ይለሰልሳል። ከዚህ ላይ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክፍሎች የሚከፈል ቅርጽ ማውጫ ይወሰዳል። ውስጡ እንዳይጣበቅ ሰም ከተቀባ በኋላ የካርቦን ጨርቁ በሬዚን ተነክሮ ይነጠፋል። በላስቲክ ተሸፍኖ አየሩ ሲመጠጥ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ትርፉ ሬዚንም ይወጣል። ከደረቀ በኋላ ግማሾቹ ተገጣጥመው መጋጠሚያው ከውስጥ በተጨማሪ ጨርቅ ይታሰራል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የካርቦን ንብርብር እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.6 ግራም ገደማ ሲሆን የብረት 7.8፣ የአሉሚኒየም 2.7 ነው። ጥንካሬው ግን ክሮቹ በተዘረጉበት አቅጣጫ ብቻ ስለሚገኝ ሠሪው ኃይሉ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ካርቦን ግን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊለያይ፣ ሲሰበርም በድንገት ሊሰበር ይችላል። ተራ ሬዚን በቤንዚን፣ በተለይም አልኮል በተቀላቀለበት ቤንዚን፣ ሊለሰልስና ሊያብጥ ስለሚችል ነዳጅን የሚቋቋም ዓይነት መምረጥ ግድ ነው። የአሉሚኒየም የክዳን አንገት ከካርቦን ጋር በቀጥታ ከተነካካ እርጥበት ሲያገኝ ይበላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የመስታወት ጨርቅ ይገባል። በመጨረሻም ታንኩ በጥቂት የአየር ግፊት ተሞልቶ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ ከወጣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በፋብሪካ ማሽን የሚሠራውን እዚህ የሰው ሰዓት ይተካዋል።

ድልና ኀዘን

ማሽኑ በ1991 በአሜሪካ ዴይቶና በተካሄደው የባለ ሁለት ሲሊንደር ውድድር ሁለተኛና ሦስተኛ ወጣ። በ1992 በዚያው ውድድር አንድሩ ስትራውድ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ማሽኖች ጋር ተፋልሞ ድል ሊቀዳጅ ሲቃረብ በኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያት ቆመ። በ1993 ማሽኑ በ1000 ሲሲ ደረጃ አራት የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰኖችን አስመዘገበ፤ በአንዱም በሰዓት ከ302 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። በ1994 በዴይቶና የናፈቀው ድል ተገኘ።

በዚያው ዓመት ግን ማርክ ፋርመር በማን ደሴት ውድድር ልምምድ ላይ የብሪተንን ማሽን ሲነዳ ሕይወቱ አለፈ። በእጅ የተሠራ ነገር የሰው ነፍስ እንደሚሸከም የዚህ ሙያ ታሪክ ሊዘነጋው የማይገባ እውነት ነው።

ብሪተን በቆዳ ካንሰር ታሞ በመስከረም 5 ቀን 1995 በ45 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ስትራውድ በእርሱ ማሽን ቤርስ የተባለውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሕይወት ሁለት ፍሬ ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ካርቦን ፋይበር ለብሪተን ከቅለት ይልቅ ነፃነት ሰጥቶታል። ራዲያተሩንና አሞርዛተሩን ከተለመደው ቦታቸው ሲያነሣ በዙሪያቸው ያለውን ቅርጽ ማንንም ሳያስፈቅድ በሽቦና በሙጫ ሊለውጥ ይችል ነበር። ሁለተኛው፣ ይህ ነፃነት በሰዓት ይከፈላል፤ የተሠሩት ማሽኖች ጠቅላላ ቁጥር አሥር ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የእጅ ሥራ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል የሚል ሥጋት አለ። በዚህ ታሪክ ግን ቅርጽ ማውጫዎቹና አብረውት የሠሩት ሰዎች ቀሩ። ከአሥሩ ማሽኖች የመጨረሻው የተጠናቀቀው በ1998፣ ብሪተን ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ማሽንም በዌሊንግተን በሚገኘው የቴ ፓፓ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል።