ቅድስት ማርያም ዘኢየሱስ ስቁል

በገሊላ ምድር፥ በሐይፋና በናዝሬት መካከል፥ ኢቢሊን የምትባል መንደር አለች። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስት፥ ከመልካውያን ካቶሊኮች ወገን፥ ዐሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው፥ በእግራቸው ወደ ቤተ ልሔም ወርደው ሴት ልጅ እንድትሰጣቸው እመቤታችንን ለመኑ። በ1846 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ስሟንም ማርያም አሏት።

ሕፃኗ ሦስት ዓመት ሳይሞላት አባትና እናቷ ሞቱ፤ አጎቷም ወስዶ አሳደጋት፥ ኋላም ወደ እስክንድርያ ይዟት ሄደ። ሊድራት ባሰበ ጊዜ ግን ጠጕሯን ቈርጣ ጋብቻውን እንቢ አለች። በ1858 ዓ.ም. አንድ ሰው ሃይማኖቷን እንድትለውጥ ቢያስገድዳት ስላልተቀበለችው ጕሮሮዋን በስለት ቈረጣት፤ ከሞት ያዳነችኝ እመቤታችን ናት ብላ ታምን ነበር፥ ጠባሳውም እስከ ዕለተ ሞቷ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ በእስክንድርያ፥ በኢየሩሳሌም፥ በቤይሩትና በማርሴይ በገረድነት አገለገለች።

በ1865 ዓ.ም. በማርሴይ ወደ ቅዱስ ዮሴፍ እኅቶች ማኅበር ገባች፤ ማኅበሩ ግን አላጸናትም። በ1867 ዓ.ም. በፖ ከተማ የነበረው የቀርሜሎስ ገዳም ተቀበላት። ማንበብና መጻፍ እምብዛም ስለማታውቅ፥ በራሷ ፈቃድ በወጥ ቤትና በልብስ አጠባ ከሚያገለግሉት እኅቶች ጋር ተቈጠረች። ተመስጦና የጌታ ሕማም ምልክቶች በሥጋዋ ታዩ፤ እርሷ ግን ራሷን እንደ ኢምንት ትቈጥር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ወደ ሕንድ አገር ወደ ማንጋሎር ተላከች፤ በ1871 ዓ.ም. በዚያ የምንኩስና ቃል ኪዳኗን ፈጸመች። ብዙ ሳይቈይ መንፈሷ ተጠረጠረ፥ በ1872 ዓ.ም.ም ወደ ፖ ተመለሰች። ይህ መገፋት ከቀርሜሎስ አላወጣትም።

በ1875 ዓ.ም. ከእኅቶቿ ጋር ወደ ቤተ ልሔም መጥታ አዲሱን ገዳም መሠረተች። ዐረብኛ የምታውቅ እርሷ ስለ ነበረች የሕንፃውን ሥራ ትቈጣጠር ነበር። በነሐሴ ወር 1878 ዓ.ም. ለሠራተኞቹ ውሃ ተሸክማ ስትሄድ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ፤ ቍስሉም መርቅዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ32 ዓመቷ ዐረፈች። በ1983 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ብፅዕት፥ በ2015 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ቅድስት ብለው ዐወጁ።

እንግዲህ መጻሕፍትን የሚማር ተማሪ፥ ከዚህች መጽሐፍ ካላነበበች ሴት የሚማረው አለ። ራእይ ለጥቂቶች የሚሰጥ ነው፤ ትሕትናና መታዘዝ ግን ከሁሉ ይፈለጋል፥ መንፈስም የሚፈተነው በእነዚህ ነው። ወደ ልደቱ ዋሻ የሚወርድ ተሳላሚም ወደ ቀርሜሎስ ገዳም ጎራ ይበል፤ ወላጆቿ በለመኑባት ከተማ መቃብሯን ያገኛል።