ቶማስ ያንግ፤ የልብን ትርታ በሒሳብ ያሰላ ሐኪም



በበሽተኛ የእጅ አንጓ ላይ ጣታችንን አሳርፈን የምንቆጥረው ትርታ የደሙ ጉዞ ይመስለናል፤ ግን አይደለም። እረኛ ጅራፉን ሲያወዛውዝ ንቅናቄው እስከ ጫፉ ይሮጣል፤ ጠፍሩ ግን ከእጁ አይወጣም። ትርታም እንዲሁ በደም ቅዳ ላይ የሚሮጥ ሞገድ ነው። ደሙ በሴኮንድ ከአንድ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሲያዘግም ሞገዱ በሴኮንድ ብዙ ሜትር ይጓዛል። ይህን በሒሳብ ለመግለጽ ከጣሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ነው።

ያንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1773 በሶመርሴት አውራጃ፣ ሚልቨርተን በተባለ ስፍራ ተወለደ። ከአሥር ልጆች የመጀመሪያው ነበረ። በልጅነቱ ካጠናቸው የምሥራቅ ቋንቋዎች አንዱ የኢትዮጵያ ቋንቋ እንደነበረ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሕክምናን በለንደን፣ በኤዲንብራና በጎቲንገን ተምሮ በ1796 ዶክተር ሆነ።

በ1801 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ፕሮፌሰርነት ተሾመ። ብርሃን ሞገድ መሆኑን ያስረዳውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ሆኖም የሕክምና ሥራዬን ይጎዳብኛል ብሎ በመስጋት በ1803 ፕሮፌሰርነቱን ተወ። ሕመምተኞቹ ሐኪማችን ልቡ ሌላ ቦታ ነው ብለው እንዳይሸሹት፣ አያሌ የሳይንስ ጽሑፎቹን ስሙን ሳይገልጽ ያወጣ ነበር።

ሁለቱ ሙያዎቹ የተገናኙት በ1808 ነው። በዚያ ዓመት ለብሪታንያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ስለ ልብና ስለ ደም ቅዳዎች ተግባር ባሰማው ንግግር፣ የትርታው ፍጥነት ከደም ቅዳው ግድግዳ የመለጠጥ ባሕርይ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳ። ደሙን የሚገፋው በዋናነት ልብ እንጂ የደም ቅዳ ጡንቻ አለመሆኑንም በስሌት ተከራከረ። በ1811 የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ፤ በ1829 በ55 ዓመቱ አረፈ። በሐኪምነቱ ብዙ ገበያ አላገኘም።

በ1878 ሞንስና ኮርተወግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት ጉዳዩን በቀመር አጠሩት፤ ግድግዳው በጠጠረና በወፈረ መጠን ሞገዱ ይፈጥናል፣ ደም ቅዳው በሰፋ መጠን ይዘገያል። ዛሬ ትርታው አንገትና ብሽሽት ላይ የሚደርስበትን የጊዜ ልዩነት ለክተን ፍጥነቱን እናሰላለን። በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ ደም ቅዳው መድረቁን ያመለክታል።

እዚህ አል ኹበር ሕክምና የምንማር ብዙዎቻችን ሒሳብን የተሰናበትነው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንወጣ ነው። ያንግ ግን ሐኪምነቱን ለማዳን የደበቀው እውቀት ከሐኪምነቱ ይበልጥ ለበሽተኞች ጠቀመ። ወደ አገራችን ስንመለስ መሣሪያ ሊያጥረን ይችላል፤ ከጣታችን በታች የሚያልፈው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ሊያጥረን አይገባም።