በስደት የተገኘ ፈውስ፦ የቀዶ ሕክምና ሊቁ ሩዶልፍ ኒሰን

ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ የምግብ ቧንቧ የሚያልፍበት ክፍተት አለው። ይህ ክፍተት ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ጨጓራ ወደ ደረት ይወጣል፤ ሕመምተኛውም በቃር፣ በማስመለስና በትንፋሽ እጥረት ይሠቃያል። ዛሬ ሐኪሞች ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተው ጨጓራውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ፤ ክፍተቱን በስፌት ያጠብባሉ። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ የጨጓራውን የላይኛ ክፍል በምግብ ቧንቧው ግርጌ ይጠቀልላሉ። ይህን የመጨረሻ እርምጃ ለዓለም ያበረከቱት ፕሮፌሰር ሩዶልፍ ኒሰን ናቸው።

ኒሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 በያኔዋ የጀርመን ከተማ ናይሰ፣ በዛሬዋ የፖላንድ ኒሳ፣ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸውም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው ሳንባቸው ላይ ቆሰሉ። ከጦርነቱ በኋላ የዝነኛው ፈርዲናንድ ዛወርብሩኽ ረዳት ሆነው በሙኒክና በበርሊን ሠሩ። በ1931 ከአንዲት ታዳጊ አንዱን ሳንባ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ሕይወቷን በማትረፋቸው ስማቸው ገነነ።

ይህ ዝና ግን ከናዚዎች አላስጣላቸውም። በ1933 አገራቸውን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዋን እንደ አዲስ ታደራጅ የነበረችው ቱርክ ከጀርመን የተሰደዱ ምሁራንን ስትቀበል፣ ኒሰን በኢስታንቡል የቀዶ ሕክምና ክፍልን እንዲመሩ ተሾሙ።

በዚያ ሳሉ በ1930ዎቹ አጋማሽ የምግብ ቧንቧው ታችኛ ክፍል በቁስል የተጎዳ ወጣት መጣላቸው። የተጎዳውን ቆርጠው ቧንቧውን ከጨጓራው ጋር ካጋጠሙ በኋላ፣ ስፌቱ እንዳይፈታ ብለው የጨጓራውን ግድግዳ ዙሪያውን አለበሱት። ሐሳባቸው ስፌቱን መጠበቅ ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ሰውዬው ቃር እንደማያውቀው ተረዱ።

ኒሰን በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1948 በኒውዮርክ ብሩክሊን የአልበርት አንስታይንን ሆድ ከፍተው፣ ያበጠውን ትልቅ የደም ቧንቧ እንዳይፈነዳ በሴሎፎን ጠቀለሉት። የፊዚክሱ ሊቅ ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖሩ።

በ1952 ወደ ስዊዘርላንዷ ባዝል ተዛወሩ። የኢስታንቡሉን ታካሚ ያልዘነጉት ኒሰን፣ በ1955 ያንኑ ጥቅለላ ሆን ብለው ለቃር ሕክምና አዋሉት፤ በ1956ም ለሕክምናው ዓለም በጽሑፍ አሳወቁ።

ኒሰን በ1981 ዐረፉ። በ1991 የቤልጂጉ ሐኪም በርናር ዳልማኝ ጥቅለላውን በካሜራ እየታገዙ በትናንሽ ቀዳዳዎች መሥራት እንደሚቻል ለሙያ አጋሮቻቸው አሳወቁ፤ ዘዴውም በዓለም ተስፋፋ። ሕክምናው ግን እንከን አልባ አይደለም። ጥቅለላው ከጠበቀ መዋጥና ማግሳት ያስቸግራል፤ ትልልቅ ሄርኒያዎችም ከጊዜ በኋላ ሊመለሱ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ሐኪሞች ቧንቧውን ሙሉ ዙር ሳይሆን በከፊል መጠቅለልን ይመርጣሉ።