ዳግላስ ሃርትሪና የአቶም ሒሳብ

ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ የኬሚስትሪ ጥናቱን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ እመለከት ነበር። በፊቱ ያለችው ኮምፒዩተር ትንሽ ነበረች፤ ሥራውንም የምትሠራው እርስዋ አልነበረችም። እርሱ ትእዛዙን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ክላስተር ወደሚባለው፣ ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድነት ተያይዘው ወደሚሠሩበት ሥፍራ ይልከዋል፤ ተራው ሲደርስም መልሱ ይመለስለታል። ከመልሶቹ አንዱ የአንዲት የውሃ ሞለኪውል ኃይል ከዜሮ በታች 76 ሃርትሪ ያህል መሆኑን ይናገር ነበር። ሃርትሪ ምንድር ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ ያለ መለኪያ ነው አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ነገሩን ተከታትዬ ሃርትሪ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ውድ አንባብያን ሆይ፣ የዚህን ሰው ታሪክ እንደሚከተለው አቀርብላችኋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳግላስ ሃርትሪ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ መጋቢት 27 ቀን 1897 ተወለደ። አባቱ ዊልያም ሃርትሪ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህር ነበሩ። እናቱ ኢቫ ሃርትሪም በ1924 የካምብሪጅ ከተማ ከንቲባ ለመሆን የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ። ልጁ ትምህርቱን በዚያው በካምብሪጅ ጀምሮ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። በ1916 አባትና ልጅ በአንድነት የፀረ አይሮፕላን ተኩስ ከሚያጠና ጓድ ውስጥ ገቡ፤ ሥራቸውም የተተኰሰ ጥይት በአየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ በቁጥር ማስላት ነበር። ረዥም ስሌትን ሳይሰለቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማድረስን ሁለቱም የለመዱት በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። ከጦርነቱ በኋላ ሃርትሪ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲቀበል ያገኘው ማዕረግ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ይህን የጻፍሁት ከእኛ መካከል በፈተና ውጤት ያዘነ ቢኖር እንዲያነበው ብዬ ነው።

በ1926 ሽሮዲንገር የሚባለው ሊቅ የኤሌክትሮንን ጠባይ የሚገልጽ እኩልታ አወጣ። እኩልታው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ላለው ለሃይድሮጂን አቶም በትክክል ይፈታል። ኤሌክትሮኖቹ ሁለትና ከሁለት በላይ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉና የአንዱን ሥፍራ ለማወቅ የሌሎቹን ሁሉ ሥፍራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሌሎቹንም ለማወቅ የዚያን የአንዱን።

ሃርትሪ በ1928 ያሳተመው መፍትሔ ክራር የሚቃኝ ሰው የሚያደርገውን ይመስላል። ክራር ቃኚ አንዱን ክር ሲያጠብቅ ሌላው ይላላበታል፤ እርሱን ሲያስተካክል የፊተኛው ደግሞ ይዛባበታል፤ ነገር ግን ደጋግሞ ሲዞራቸው መዛባቱ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ሁሉም ይስማማሉ። ሃርትሪም እንዲሁ ኤሌክትሮኖቹ የት የት እንደሚሆኑ አስቀድሞ በግምት ያስቀምጣል። ከግምቱ ተነሥቶ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚደርስበትን ግፊት ያሰላል፤ ከግፊቱም አዲስ ሥፍራ ያገኛል። አዲሱ ከግምቱ ጋር ካልተስማማ አዲሱን እንደ ግምት ወስዶ እንደገና ይጀምራል፤ የገባውና የወጣው አንድ እስኪሆኑ ድረስ አይተወውም። እኔ የሒሳብ ጥያቄ በግምት መጀመር ነውር ይመስለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በእርሳስ፣ በወረቀትና በእጅ በሚዞር የመደመሪያ መኪና ነበር። የዚያ ድካም ትልቁን ክፍል የተሸከሙት ደግሞ ከማስተማር ሥራቸው በ1913 የተሰናበቱት አባቱ ናቸው። ልጁ በ1929 በማንችስተር ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላም ሽማግሌው አቶም በአቶም እያነሡ ያሰሉለት ነበር። በ1930 ፎክ የሚባል የሩስያ ሊቅና ስሌተር የሚባል አሜሪካዊ የዘዴውን ጉድለት አሳዩ፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች ቦታ ቢለዋወጡ ሊደርስ የሚገባው ለውጥ በሒሳቡ ውስጥ አልገባም ነበርና። እርማቱ ስሌቱን እጅግ የሚያከብደው ቢሆንም አባትና ልጅ ተቀብለውት የተስተካከለውን ሒሳብ በአንድነት አሳተሙ። ዊልያም ሃርትሪ እስከ ሞቱበት እስከ 1943 ድረስ ይህን ሥራ አልተዉም። በዛሬው የኬሚስትሪ መጽሐፍ የሃርትሪና የፎክ ዘዴ ሲባል ሃርትሪ የሚለው ስም ለአባትዮውም ቢቈጠር ፍርድ ይመስለኛል።

በ1933 ሃርትሪ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ቫኔቫር ቡሽ የሠራውን ታላቅ የስሌት መኪና ተመለከተ። መኪናው በሚዞር ጠፍጣፋ ዲስክ ላይ ትንሽ መንኰራኩር አሳርፎ፣ መንኰራኩሯ ከዲስኩ መካከል በራቀች ቍጥር ፈጥና እንድትዞር በማድረግ ድምሩን ያወጣል። ሃርትሪም ይህን የመሰለውን በመካኖ መሥራት ይቻላል ብሎ አሰበ። መካኖ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸውን ብረቶች በብሎንና በዳዶ እያሰሩ የሚጫወቱበት የልጆች መጫወቻ ነው። በ1934 ከተማሪው ከአርተር ፖርተር ጋር 20 ፓውንድ ያህል አውጥተው ሠሩት። መጫወቻውም ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ እየሳተ ቁም ነገር ያለው ስሌት አወጣ። ይህን ያየ አንድ ባለጠጋ ገንዘብ ሰጥቶ፣ በ1935 ትክክለኛው መኪና በማንችስተር ተተከለ። የባቡር ነገር እጅግ ይወድ ስለ ነበር የባቡሮችንም የጉዞ ሰዓት አሰላበት። ፒያኖ ይመታ፣ ኦርኬስትራም ይመራ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ወደ ፊላዴልፊያ ሄዶ ኤኒያክ በሚባለው ኮምፒዩተር ሠራ። ኤኒያክ በአሮጌ ራዲዮ ውስጥ የሚገኙትን የመሰሉ 18,000 ያህል የመስተዋት ቱቦዎች ነበሩት። በዚያው ዓመት የካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1949 ኤድሳክ የሚባለው የካምብሪጅ ኮምፒዩተር ሥራ ሲጀምር የሠሪው የሞሪስ ዊልክስ ብርቱ ደጋፊ እርሱ ነበር። በሻይ ቤቶቹ የታወቀው ላይንስ የተባለ ኩባንያ ለሒሳብ አያያዙ ኮምፒዩተር መሥራት ባሰበ ጊዜም ምክር ከሰጡት አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሊቅም ይሳሳታል። በ1951 ቦውደን የሚባል የኮምፒዩተር ሻጭ ሐሳቡን ቢጠይቀው፣ ለእንግሊዝ አገር ሁሉ በካምብሪጅ፣ በማንችስተርና በቴዲንግተን የሚገኙት ሦስቱ ይበቃሉ ብሎ እንደ መለሰለት ቦውደን ተርኳል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ያ ሰው ዕድሜውን በእጅ ሲያሰላ ኖሮ ሦስቱ መኪናዎች ምን ያህል ብዙ ሆነው እንደ ታዩት ገባኝ።

ሦስቱ ያልበቁበትን ምክንያት ራሱ ዘዴው ያሳያል። ሃርትሪ ያሰላው አቶምን ነበር፤ አቶም እንደ ኳስ ክብ ነውና ይቀላል። ሞለኪውል ግን ቅርጹ ልዩ ልዩ ነው። በዚያው በካምብሪጅ ቦይስ የሚባለው ኬሚስት በ1950 ሞለኪውልን ለማስላት የሚመች ዘዴ አወጣ፤ ነገር ግን ሞለኪውሉ በእጥፍ ሲያድግ መሰላት ያለባቸው የመገፋፋት ቁጥሮች 16 እጥፍ ይሆናሉ። ደግነቱ አንዱ ቁጥር ሌላውን አይጠብቅም፤ ስለዚህ እንደ ደቦ ሥራ ለብዙ ኮምፒዩተሮች ሊከፋፈሉ ይችላሉ። በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ቶምሰንና ሪቺ የጀመሩት ዩኒክስ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ አስቻለ። እርሱን የመሰለው ሊኑክስ በ1991 በነጻ ታደለ። በ1994 ደግሞ ስተርሊንግና ቤከር በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ ከገበያ የተገዙ 16 ተራ ኮምፒዩተሮችን በሊኑክስ አያይዘው ቤዎልፍ የተባለውን ክላስተር ሠሩ። ወንድሜ ሥራውን የሚልከው የዚህ ዓይነት ወዳለው ክላስተር ነው። በተመለሰለት ጽሑፍ ውስጥም ዙር አንድ፣ ዙር ሁለት፣ ዙር ሦስት እያለ ቁጥሩ ሲስተካከል አይቻለሁ፤ ዊልያም ሃርትሪ በእጃቸው ያዞሩት የነበረው ያው ዙር ነው።

ዳግላስ ሃርትሪ የካቲት 12 ቀን 1958 በካምብሪጅ በ60 ዓመቱ በልብ ሕመም ዐረፈ። ስለ አቶም አወቃቀር ስሌት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ባለፈው ዓመት በ1957 ነበር። በ1959 ሸልና ሆል የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የአቶም ኃይል መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ እንዲሁም ሆነ። ይህን ለወንድሜ በስልክ ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ አባትዮውስ ስንት አቶም ሠሩ ብሎ ጠየቀኝ።