ዋንጫውን እንግሊዞች የወሰዱበት ዓመት፡ ይድነቃቸው ተሰማና የ1936ቱ ሻምፒዮና

በምኖርበት አየር ጤና፣ ኳስ በሚያሳዩ ቤቶች ውስጥ የሚሰበሰበው ወጣት አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2003/04 የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ አድርጎ፣ 26ቱን አሸንፎ፣ በ12ቱ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ መውሰዱን በቃሉ ይነግራችኋል፡፡ የገዛ ከተማው ሊግ መቼ ተጀመረ፣ እነማን ተጫወቱበት፣ ማንስ አሸነፈ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል፡፡ እኔ አልፈርድበትም፡፡ ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል?

ዛሬ ላነሳ የወደድኩት ያን የመጀመሪያ ዓመት ነው፡፡ የማነሳው ግን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አድርጌ ነው፡፡ ሰውየው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፡፡ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ በነበራቸው የአሠልጣኝነት ሚና እና በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንትነታቸው ነው፡፡ የኋላውን ትልቅ ሰው ለመረዳት ግን የሚሻለው መነሻ፣ በእኔ እምነት፣ ቡድናቸው ዋንጫ ያላገኘበት ዓመት ነው፡፡

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው፡፡ በእኛ ሠፈር በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰው እዚያው ጅማ ነውና፣ የትውልድ ስፍራቸው ሲነሳ እንደ አየር ጤና ነዋሪ ትንሽ የጉርብትና ስሜት ይሰማኛል፡፡ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ጀርመን ሀገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበሩ፡፡ ልጅየው አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፡፡ ኳሱም የያዛቸው በዚያው ዕድሜ ነው፡፡

በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የአራዳ ልጆች የሆኑት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብን መሠረቱ፡፡ ጊዜውን ልብ በሉልኝ፡፡ የኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ገና ሦስት ወር አልሞላውም፡፡ ክለቡ ተመሥርቶ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች፡፡ ይድነቃቸው ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፡፡ ለጊዮርጊስ መጫወት የጀመሩትም በዚሁ ዘመን ነው፡፡

የፋሺስቱ አስተዳደር ኳስ መጫወትን ፈጽሞ አልከለከለም፡፡ የከለከለው አብሮ መጫወትን ነው፡፡ ለኢጣሊያኖች የራሳቸው ውድድር ነበራቸው፡፡ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የሀገር ተወላጆች ስፖርት የሚባል ሌላ ክፍል ተቋቋመላቸው፡፡ ነጭና ጥቁር በመኖሪያ ሠፈር፣ በአውቶቡስ፣ በሲኒማ ቤት እንዲለያዩ የታወጀው የዘር ሕግ በሜዳም ላይ ተሠራበት፡፡ ክለቦችም ስማቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ፡፡ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ፡፡ ሊቶሪዮ የፋሺስቶች አርማ ስም ነው፡፡ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ፣ ኳስ ስለቻለ ሳይሆን በቆዳው ቀለም የተነሳ ከማን ጋር እንደሚጫወት ሲወሰንለት ምን እንደሚሰማው አንባቢያን መገመት አያቅታችሁም፡፡

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ተመለሰ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፡፡ አቶ ይድነቃቸው የሀገሪቱን ስፖርት በድርጅት መልክ ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ፡፡ ያኔ ዕድሜያቸው ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፡፡ ጫማቸውን ግን አልሰቀሉም፤ ከቢሮ ወጥተው ይጫወቱ ነበር፡፡

በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1944) የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ፡፡ ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ፡፡ አምስቱም የአዲስ አበባን ልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች የወከሉ ናቸው፡፡ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የኢጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ በምሕጻሩ ቢኤምኤምኢ የሚባለው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር፡፡

የዘመኗን አዲስ አበባ እነዚህ አምስት ስሞች ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ፡፡ አርመኖቹ የሙዚቃና የእጅ ሙያ ሰዎች ነበሩ፤ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን የአርባ ልጆች ማርሽ ባንድ የማያስታውስ የለም፡፡ ግሪኮቹ ነጋዴና ባለሆቴል ነበሩ፡፡ ኢጣሊያኖቹ ከሽንፈቱ በኋላ እዚሁ የቀሩት ናቸው፡፡ እንግሊዞቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 በተፈረመው ስምምነት መሠረት የኢትዮጵያን ጦር ለማሠልጠን የመጡ ወታደሮች ነበሩ፡፡

እንግሊዞቹን በተመለከተ ነገሩ ቀላል አልነበረም፡፡ ጠላትን ለማስወጣት አብረውን የተዋጉ ናቸው፡፡ ነገር ግን ኦጋዴን ገና በእነሱ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር፡፡ የ1942ቱ ስምምነትም ለእንግሊዝ ብዙ መብት የሚሰጥ ስለነበር የኢትዮጵያ መንግሥት ሊያሻሽለው ይታገል ነበር፡፡ የተሻሻለው ስምምነት የተፈረመው በዚያው የሻምፒዮናው ዓመት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 ነው፡፡ እንግዲህ በዲፕሎማሲው ጠረጴዛ እኩልነት ሲጠየቅ፣ በኳስ ሜዳ ደግሞ አምስቱ ቡድኖች በአንድ ሕግ ይጫወቱ ነበር፡፡

ዋንጫውን የወሰደው ቢኤምኤምኢ ነው፡፡ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሻምፒዮን የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ሆነ ማለት ነው፡፡

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፡፡ እኔ ግን ቅር የሚያሰኝ ነገር አላይበትም፡፡ የወዳጅነት ግጥሚያ በግብዣ ነው፤ ያልፈለከውን አትጠራም፡፡ ሊግ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚገናኝበት፣ ነጥቡ ለሁሉም በአንድ መለኪያ የሚቆጠርበት ውድድር ነው፡፡ ከሦስት ዓመት በፊት ከኢጣሊያኖች ጋር በአንድ ውድድር እንዳይሰለፍ የተከለከለው ጊዮርጊስ፣ በትክክለኛ ስሙ ከፎርቲቱዶ ጋር በአንድ የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ተጻፈ፡፡ መሸነፍም ሆነ ማሸነፍ የሚቻለው መጀመሪያ ሠንጠረዡ ውስጥ ሲገቡ ነው፡፡ በደንቡ የተሸነፈ በሚቀጥለው ዓመት ይሞክራል፤ እንዳይገባ የተከለከለ ግን የሚሞክርበትም የለው፡፡

ጊዮርጊስም ሞከረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950 የሻምፒዮንነቱን ዋንጫ አነሳ፡፡ እንግሊዞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፣ ቡድናቸውም አብሮ ጠፋ፡፡ ያኔ ዋንጫ ያላገኘው ክለብ ግን በሀገሪቱ ሊግ ታሪክ ብዙ ዋንጫ ያነሳው ሆነ፡፡ አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. እስከ 1958 ድረስ ለ23 ዓመታት ማሊያውን ለበሱ፡፡ ስለ እሳቸው ዘወትር በሚጠቀሰው አኃዝ መሠረት በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች አስቆጥረዋል፡፡

ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ፣ እኔ እንደማየው፣ የ1936ቱን ሠንጠረዥ ወደ አህጉርና ወደ ዓለም ማስፋት ነበር፡፡

እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ካፍ ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፡፡ አቶ ይድነቃቸው ከመሥራች ሰዎች አንዱ ናቸው፡፡ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ አሻፈረኝ ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ተደረገች፡፡ በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፡፡ በደንብ ከገባ ቡድን ጋር ተጫውቶ መሸነፍ እንደገና ደረሰብን፡፡

ዕድሉ የተገለበጠው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፡፡ የጥምቀት ማግሥት ሳምንት፣ እሁድ ዕለት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፡፡ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 2 ለ 0 ከመመራት ተነስታ 4 ለ 2 አሸንፋ ነበር፡፡ በፍጻሜውም ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፡፡ ግርማ ተክሌ አንዱን፣ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን አቻ አደረጉ፡፡ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ፡፡ 4 ለ 2፡፡ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ፡፡ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ደግሞ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ ላይ የተወለደ ነው፡፡ የፋሺስት ሕግ እንደ ሰው ሊቆጥረው ያልፈለገው ክልስ ልጅ የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ዋንጫ አነሳ፡፡ ሜዳውን ለያይቶ ለነበረው ሕግ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም፡፡

ቀጥሎ የመጣው ትግል ከፊፋ ጋር ነው፡፡ ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ፡፡ አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ፡፡ በመጨረሻ በማጣሪያው የቀሩት ሰሜን ኮሪያና አውስትራሊያ ብቻ ነበሩ፡፡ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1970ው የሜክሲኮ ዋንጫ፣ አፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ አገኘች፡፡ በ1982ቱ ሁለት ሆነ፡፡

እ.ኤ.አ. በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ ለ15 ዓመታት መሩ፡፡ በዚህ ጊዜ ሁሉ ያልለቀቁት አንድ ጉዳይ ቢኖር አፓርታይድ ነው፡፡ የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ለደቡብ አፍሪካ ያሳዩት የነበረው መለሳለስ እ.ኤ.አ. በ1974 አፍሪካውያን ድምፃቸውን ለብራዚላዊው ዣዎ ሃቨላንጅ እንዲሰጡ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው፡፡ በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች፡፡ እዚህ ላይ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ ልስጥ፡፡ ሁሉም ይግባ ብሎ ያደገ ሰው እንዴት አንድን ሀገር ያስወጣል? መልሱ ቀላል ነው፡፡ ደቡብ አፍሪካ የተባረረችው ገዛ ልጆቿን ከሠንጠረዡ ስለከለከለች ነው፡፡ የተዘጋውን በር በከፈተች ጊዜ፣ በ1992፣ ተመለሰች፤ በ1996ም የአፍሪካን ዋንጫ በሀገሯ አነሳች፡፡

አቶ ይድነቃቸው ይህን አላዩም፡፡ በእንቁጣጣሽ የተወለዱት ሰው በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ፡፡

ስለ እሳቸው ስንጽፍ ማወደስ ብቻ ይቀናናል፡፡ እኔ ግን አንድ የከነከነኝን ነገር ሳልል አላልፍም፡፡ ለአፍሪካ የተሠራው ያህል ለቤታችን አልተሠራም፡፡ ኢትዮጵያ ከ1982ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ ለመመለስ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት ጠብቃለች፡፡ ይህ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፡፡ ሆኖም ትልቅ ሰው ስላለን ትልቅ ኳስ ያለን መስሎን ኖረናል፡፡ በመጨረሻ ዘመናቸው የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስና የሲጋራና የአልኮል ማስታወቂያ ወደ ሜዳ መግባት ያሳስባቸው ነበር፡፡ ከስጋታቸው ጊዜ ያለፈበት ይኖር ይሆናል፡፡ ነገር ግን የሰው ሀገር ሊግ ከራሱ ሊግ በላይ የሚያውቅ ትውልድ ማፍራታችንን ስመለከት፣ የፈሩት ነገር ከንቱ እንዳልነበረ ይገባኛል፡፡

መልካም ምልክት አላጣንም፡፡ በ2013 ዓ.ም.፣ ፋሲል ከነማ የመጀመሪያ ዋንጫውን ባነሳበት የውድድር ዘመን፣ ፕሪሚየር ሊጋችን በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምሯል፡፡ ጨዋታው ከታየ ዘንድ ታሪኩም ይነገር፡፡ የሻምፒዮኖቻችን ዝርዝር በታተመ ቁጥር መጀመሪያው ላይ ቢኤምኤምኢ ይጻፍ፤ ከሥሩም ፎርቲቱዶ፣ አራራት፣ ኦሎምፒያኮስና ቅዱስ ጊዮርጊስ አብረው መጫወታቸው ይጠቀስ፡፡ ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱት ብለን የምናፍርበት አይደለም፡፡ ይድነቃቸው ተሰማ ቀሪ ዕድሜያቸውን ለሌሎች የጠየቁትን እኩል ቦታ፣ በሜዳ ላይ መጀመሪያ ያገኙት በዚያ ዓመት ነው፡፡