ሆርሙዝድ ራሳም፤ በእግር ብረት ሳለ አትክልት የተከለው መልእክተኛ

ብረት የሰውን እግር ያስራል፤ ልቡን የሚያስረው ግን ሥራ ማጣት፥ ወሬ ማጣትና ነገ የሚሆነውን አለማወቅ ነው። በመቅደላ አምባ ላይ ሃያ ወር ያህል በእግር ብረት የኖረው ሆርሙዝድ ራሳም ይህን በኑሮው ካስረዱት ሰዎች አንዱ ነው። የታሪክ ወዳጆች ስሙን የሚያነሡት በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ ስላገኛቸው የሸክላ ጽላቶች፥ ወይም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ ሲናገሩ ነው። ሰው በሚያስሩና ሰው በሚያስተዳድሩ ዘንድ ግን ይበልጥ ሊታሰብ የሚገባው በእስራቱ ወራት የኖረው ኑሮ ነው። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሰው ዘመን፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ራሳም በ1826 በሞሱል ከተማ ከምሥራቅ ክርስቲያኖች ወገን ተወለደ። አገሩ በዚያን ጊዜ ከቱርክ መንግሥት በታች ነበረ፤ ወንድሙ ክርስቲያን ራሳምም በዚያው ከተማ የእንግሊዝ ምክትል ቆንሲል ሆኖ ይሠራ ነበር። ገና ወጣት ሳለ ላያርድ የተባለው እንግሊዛዊ የጥንት ከተማዎችን ሲቈፍር በረዳትነት ገባ፤ ጥቂት ጊዜም በኦክስፎርድ ተማረ። በ1853 በነነዌ የአሱርባኒፓልን ቤተ መንግሥትና በውስጡ የነበረውን የጽላት ክምችት አገኘ፤ ከነዚህም ጽላቶች ውስጥ የጥፋት ውሃን ነገር የሚተርከው በ1872 በለንደን ተነቦ ዓለምን አስደነቀ። ከዚያ በኋላ በዐደን ባለው የእንግሊዝ ሹመት ቤት ተቀጥሮ ብዙ ዓመት አገለገለ። ዐረብኛን የተናገረው በእናቱ ቤት ነው፤ የምሥራቅን ሰው ጠባይ፥ የሹማምንትንም ክብር የሚያውቅ ታጋሽ ሰው ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ያስመረጠውም ይኸው ነው።

የተላከበት ምክንያት የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ በቆንሲል ካሜሮን እጅ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ቀረ። ካሜሮንም በ1863 ወደ ከሰላና ወደ መተማ ሄዶ በድንበሩ አገር መቈየቱ ንጉሠ ነገሥቱን ይበልጥ አስቈጣ፤ ገና ካሣ ይባሉ በነበሩበት ጊዜ፥ በ1848 በደባርቂ በግብጽ ጦር ድል የሆኑበት አገር ያ ነውና፥ ወደዚያ የሚሄድ መልእክተኛ በዓይናቸው የጠላት ወዳጅ ነበረ። በ1864 መጀመሪያ ካሜሮንና ባልንጀሮቹ ታሰሩ። የዘገየውን መልስ ይዞ እስረኞቹን እንዲያስፈታ የታዘዘው ራሳም ነው።

በ1864 ሐምሌ ወር ራሳም ከዶክቶር ብላንክ ጋር ከምጽዋ ወደብ ደረሰ። ወደ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ለምኖ ጻፈ፤ መልስ ግን አልመጣም። በዚያ ሙቀት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ለነጋዴ መጠበቅ ኪሳራ ነው፤ ለመልእክተኛ ግን ትምህርት ሆነ፤ የማያውቁት ቀን እስኪመጣ ድረስ ሳይናደዱ መኖርን ራሳም በምጽዋ ለመደ። በ1865 የመቶ አለቃ ፕሪዶ ተጨመረለት፤ በመጨረሻም በመተማ በኩል እንዲመጣ ከንጉሠ ነገሥቱ ተፈቀደለትና በዚያው ዓመት ጥቅምት 15 ቀን ከምጽዋ ተነሣ።

መንገዱ በቤኒ ዐምር አገር አልፎ ወደ ከሰላ ወረደ። ከሰላ በዚያን ጊዜ የፈረሰች ያህል ነበረች። የግብጽ መንግሥት የሱዳን ወታደሮች ደመወዛቸው ቢዘገይ በዚያው ክረምት ዐምፀው ነበርና፥ ከጦርነቱ የተረፈውን ሕዝብ በሽታ ፈጅቶታል። ከዚያ ወደ ሼክ አቡ ሲን አገር አለፉ፤ ይህም በሹክሪያ አለቆች ስም ሱቅ አቡ ሲን ይባል የነበረው፥ ዛሬ ገዳሪፍ የሚባለው የገበያ አገር ነው። ኅዳር 21 ቀን መተማ ገቡ። መተማ የተክሩሪዎች ከተማ ነበረች፤ ሼካቸው ጁማም ለግብጽም ለኢትዮጵያም ግብር እየከፈለ በሁለት መንግሥታት መካከል ይኖር ነበር። የሐበሻ ነጋዴ ቡናውንና ሰሙን፥ ከብቱንና በቅሎውን ይዞ ይወርድባታል፤ የቆላው ነጋዴ ጨርቁንና ብሩን ይዞ ይጠብቃል። ራሳም በዚህ ከወር በላይ ቈየ፤ የመንገዱ ፈቃድ ሲደርሰው ታኅሣሥ 28 ቀን ድንበሩን ተሻገረ።

በ1866 ጥር 28 ቀን በዳሞት ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀረበ። አቀባበሉ ያማረ ነበረ፤ እስረኞቹም በመጋቢት ወር ከመቅደላ ወርደው በጣና ዳር በቆራጣ ተረከባቸው። ሆኖም ሊሄዱ ሲሉ ነገሩ ተለወጠ። ሚያዝያ 13 ቀን ራሳምና ባልንጀሮቹ በዘጌ ተያዙ። ከዚያ በጋፋትና በደብረ ታቦር ከቈዩ በኋላ ሐምሌ 12 ቀን ወደ መቅደላ አምባ ወጡ፤ በአራተኛውም ቀን እግር ብረት ገባላቸው። ቀለበቱ በቍርጭምጭሚት ላይ ሆኖ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይገጠማል፤ ያለ መዶሻም አይወጣም። ሊያስፈታ የመጣው ሰው ራሱ የሚያስፈታው የሚሻ እስረኛ ሆነ።

በዚያ ዘመን በአገራችን ዛሬ ወህኒ ቤት የምንለው ዓይነት ሥርዓት አልነበረም። እስረኛ በአምባ ላይ ይቀመጣል፥ ወይም ከጠባቂው ጋር ክንድ ለክንድ በሰንሰለት ተቈራኝቶ ቁራኛ ይሆናል፤ ምግቡንም ራሱ ወይም ዘመዱ ይችላል። እንግዲህ የእስረኛው ኑሮ የሚወሰነው በገንዘቡ፥ በወዳጁና በጠባቂው ፊት ነበረ። ራሳም ይህን ፈጥኖ አስተዋለ። ምሬትን ገታ፤ ቀኑንም ሥራ ሰጠው።

ፈቃድ ለምኖ ጎጆውን አሳደሰ፤ ዘር አስመጥቶ በእግር ብረቱ እየተራመደ የአታክልት ቦታ አበጀ። በዚያ ከፍተኛ አምባ ላይ ጎመንና ሰላጣ፥ ሌላም አታክልት በቀለ። ከሆድ መሙላት የበለጠው ጥቅሙ ሌላ ነበረ። ዘር የዘራ ሰው የሚጠብቀው ቀን አለው፤ ውሃ የሚያጠጣበት ሰዓት አለው፤ ከትናንት ዛሬ የጨመረ ነገር በዓይኑ ያያል። የእስራት ቀን ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚመስል አእምሮን ያደነዝዛል፤ አታክልቱ ግን ቀኖቹን ለየለት። ዶክቶር ብላንክም በበኩሉ የአምባውን በሽተኞች ያክም ነበር፤ ታስሮ ሳለ ለሌላ ሰው የሚጠቅም መሆኑ እርሱንም ደግፎታል።

ሁለተኛው ጥንቃቄው ከሰው ጋር ነበረ። አብረው የታሰሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲነካከሱ የእስር ኑሮ ያስገድዳቸዋል፤ በመቅደላም ቅሬታና ቂም አልጠፋም። ራሳም ማዕዱን ከፍቶ፥ ያለውን አካፍሎ ጠቡ ወደ ጥፋት እንዳይደርስ ይጥር ነበር። ለአምባው አለቆች እንደ ማዕረጋቸው ሰላምታና ስጦታ ይሰጥ ነበር፤ ባልደራባ ሆኖ የተሾመለትን ሳሙኤልንም ወዳጅ አደረገው። ለንጉሠ ነገሥቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ዘወትር በአክብሮት የተሞላ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ የሚወዷቸውን እቴጌ ተዋበችን በ1858፥ ወዳጆቻቸውን ፕላውደንንና ቤልን በ1860 በሞት አጥተው፥ መሳፍንቱም ከድተዋቸው በብቸኝነት የሚኖሩ ጌታ ነበሩ። የአሳሪው ቍጣ ለእስረኛው እንደ አየሩ ጠባይ መሆኑን ራሳም ያውቅ ነበርና፥ ያን ቍጣ በቃሉ እንዳይጭር ተጠነቀቀ።

ሦስተኛው ወሬ ነው። በመቅደላ ራሳቸው በግዞት የነበሩት አቡነ ሰላማ በ1867 እስካረፉ ድረስ እስረኞቹን በምክርም በገንዘብም ረዱ። ከምጽዋም ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ የማርያ ቴሬዛ ብርና ደብዳቤ ይልክ ነበር። ይህን ተሸክመው ሽፍታና የተዘጋ በር እያለፉ ወደ አምባው የሚወጡ ስማቸው ያልተጻፈ የአገራችን መልእክተኞች ነበሩ። ብሩ እህልን ገዛ፤ ደብዳቤው ግን የታሰረው ሰው በውጭ አገር አለመረሳቱን ነገረው። የተረሳ የመሰለው እስረኛ ሳይሞት እንደሚሞት የሚያውቅ፥ የአንድ ወረቀት ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበረ አይጠፋውም።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ሲያመዛዝኑ የአምባውን ሌላ ወገን መርሳት አይገባም። በመቅደላ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ነበሩ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ እጅና እግራቸው አንድ ላይ ታስሮ ጐብጠው የሚኖሩ ነበሩ። ከምጽዋ ብር አይመጣላቸውም፤ ስለ እነርሱ የሚጽፍ መንግሥት አልነበረም። በ1868 ሚያዝያ 9 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በቍጣ ሳሉ ከነዚህ ብዙዎቹ በእስላምጌ ገደል ተወረወሩ። ራሳም ልቡን የጠበቀባቸው ነገሮች መልካም ቢሆኑም በዕድል የተገኙ ነበሩ፤ ለሁሉ የተሰጡ ሥርዓት አልነበሩም። የታሪኩ ኀዘን በዚህ ላይ ነው።

መጨረሻው የታወቀ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ወደብ ወርዶ፥ ከባሕሩ ዳር ሐዲድ ዘርግቶ፥ በደጋው መንገድ ወደ መቅደላ ገሠገሠ። የራሳም እግር ብረት በመጋቢት ወር ወለቀ። ሚያዝያ 10 ቀን በስቅለት ዓርብ በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ በማግስቱ ራሳምና ባልንጀሮቹ ወደ እንግሊዝ ሰፈር ወረዱ። ሚያዝያ 13 ቀን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ አምባው ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ሳይሰጡ ራሳቸውን ገደሉ። ራሳም በዘጌ ከተያዘ ልክ ሁለት ዓመት ሆነው።

ከባልንጀሮቹ ሁሉ በፊት ጽኑውን እስራት የቀመሰው ካሜሮን ጤናው ተሰብሮ በ1870 ሞተ። ራሳም ግን በ1869 የተልእኮውን ታሪክ በሁለት መጽሐፍ አሳተመ፤ አገባ፤ መንግሥቱም 5,000 ፓውንድ ሰጠው። በአገሩ ጋዜጦች ግን ለንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ትሑት ሆነ ተብሎ ተነቀፈ። ነቃፊዎቹ በሰንሰለት ያልተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ከ1876 እስከ 1882 እንደ ገና ወደ ነነዌና ወደ ባቢሎን ምድር ተመልሶ ቈፈረ፤ የቂሮስን የሸክላ ጽሕፈት በ1879 ያገኙት የርሱ ሠራተኞች ናቸው። በ1893 ስሙን ያጐደፈ አንድ የታወቀ ሊቅ ከሶ በፍርድ ረታ። በ1910 መስከረም ወር በሆቭ ከተማ በሰማንያ አራት ዓመቱ ዐረፈ። አእምሮው ከእስራቱ ቂምንም ፍርሃትንም ይዞ አልወጣም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሊሠራ የቻለውም ስለዚህ ነው።

ራሳም በብልሃትና በገንዘብ ያገኘውን ነገር የኋላው ዘመን ሕግ ሊያደርገው ሞክሯል። የተባበሩት መንግሥታት በ1955 ስለ እስረኞች አያያዝ የወጣውን ደንብ በ2015 አድሰው በኔልሰን ማንዴላ ስም ሰየሙት፤ ማንዴላም በሮበን ደሴትና በፖልስሙር እስር ቤት አትክልት የተከለ እስረኛ ነበረ። ደንቡ ለእስረኛ ሥራ፥ መጽሐፍ፥ ከቤተ ሰቡ ጋር መጻጻፍና መገናኘት ይገባዋል ይላል፤ ሰውንም ከ15 ቀን በላይ ለብቻው ዘግቶ ማኖርን ይከለክላል።

ነገሩ በወህኒ አጥር የሚወሰን አይደለም። ራሳም ባለፈበት በገዳሪፍ አገር፥ በኡም ራኩባ ሰፈር፥ በ1980ዎቹ ረኃብ፥ እንደ ገናም በ2020 ጦርነት ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን በመጠበቅ ብዙ ቀን ቈጥረዋል። እህልና ድንኳን የሥጋን ነፍስ ያቈያል፤ ልብን የሚያቈየው ግን የሚሠሩት ሥራ፥ ከዘመድ የሚደርስ ወሬና በስሙ የሚጠራ ሰው ማግኘት ነው። እነዚህን ለመስጠት ታላቅ ግምጃ ቤት አያስፈልግም፤ ዘር የሚያስገባ፥ ደብዳቤ የማያስቀር፥ ቀኑን የማይደብቅ አንድ አስተዋይ ሹም ይበቃል።