ሰይፍ ያልመዘዙት ጴጥሮስ

ሐምሌ 5 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያቱን የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ጳውሎስን በዓል ታከብራለች። ከዚያው ወር በ22ኛው ቀን ደግሞ የሐዋርያው ስመ ሞክሼ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት የወደቁበት መታሰቢያ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ልናነሣ የወደድነው ለስም መመሳሰል ብቻ አይደለም። ጌታችን ክፉውን ስላለመቃወም ያስተማረውን (ማቴ. 5፥39) አንዳንዶች ለዓመፀኛ ዝም ብሎ መገዛት አድርገው ሲተረጉሙት እንሰማለን።

አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ተወልደው፣ ከጵጵስና በፊት መምህር ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሲሆኑ፣ ሀገረ ስብከታቸው ምሥራቅ ኢትዮጵያ ነበር።

ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በደብረ ሊባኖስ ከአርበኞች ጋር ሰነበቱ። የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከተማይቱን ለማስለቀቅ በዘመተ ጊዜም አብረው መጡ። እዚህ ላይ ነገሩን ማድበስበስ አይገባንም። የእርሳቸው መሣሪያ መስቀልና ቃል ነበር፤ ጠመንጃ ያነሡትን ግን አላወገዙም።

ጥቃቱ ሳይሳካ ቀርቶ በጠላት እጅ ወደቁ፤ ሕዝብን ለዓመፅ አነሣሥተዋል ተብለውም በወታደራዊ ችሎት ፊት ቆሙ። አርበኞችን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲሰብኩ ቢጠየቁ እምቢ አሉ። ይልቁንም ለወራሪው የሚገዛውን ሁሉ ገዘቱ።

የሚያሳድዱትን መመረቅ የታዘዘ ክርስቲያን እንዴት ይገዝታል? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ መልሶ አልመታም፤ ዝምም አላለም፤ መቺውን ስለ ምን እንደ መታው ጠየቀው (ዮሐ. 18፥23)። ከዚህ የምንረዳው፣ ሌላውን ጉንጭ መስጠት በራስ ላይ የደረሰውን በደል አለመበቀል እንጂ ሐሰትን እውነት ነው ብሎ መመስከር አለመሆኑን ነው። ውግዘቱንም እኛ የምናየው እንዲሁ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ለራሳቸው ደም በቀልን አልጠየቁም፤ እረኛ በጎቹን ከገደል አፋፍ እንደሚመልስ ምእመናኑን ከለሏቸው እንጂ። በእጃቸው ያልተዋጉትን በአንደበታቸው አልተቀበሉትም።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ቆረጠ። ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው አስመለሰው፤ የተቆረጠውንም ጆሮ ፈወሰ። ያው ሰይፍ የመዘዘ ጴጥሮስ ሌሊቱ ሳይነጋ በአንዲት ገረድ ፊት ካደ። በኋላ ንስሓ ገብቶ፣ በሮም ቁልቁል በተሰቀለ ጊዜ ግን በእጁ ሰይፍ አልነበረም፤ ክህደትም አልነበረበትም። አቡነ ጴጥሮስም በስሙ የተጠሩለትን ሐዋርያ የመሰሉት በዚህ በኋለኛው መንገድ ነው።

ፍርዱ በተሰጠበት ዕለት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በአደባባይ ተረሸኑ። አብረዋቸው በካይሮ የተሾሙት ብፁዕ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በዚያው ጠላት ተገደሉ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አቅራቢያ የሚገኘው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለከተማ ባቡር ሥራ በ2005 ዓ.ም. ከስፍራው ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል።